ከንቲባ የሌላት ከተማ ሴናተር

በ2022 ሐምሌ ከተደረገው የዴሞክራቶች የመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በወፍራም ወረቀት የታተመ የቅስቀሳ ካርድ ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ገባ። (የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ እኛ ዘንድ የሰነበተችው አክስቴ ካርዱን ከማስታወቂያው ክምር መካከል አነሣችው፤ በልጄ አስነብባ ስሙን ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ይኼ መድረክ ላይ ወጥቶ ሰው በጥፊ የመታው ነው?» አለች። የኦስካሩ ጥፊ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበርና አልፈረድኩባትም። ይህኛው ዊል ስሚዝ ተዋናይ እንዳልሆነ፣ የሜሪላንድ ሴናተር እንደሆነ አስረዳኋት። አክስቴ በቀላሉ የምትረካ ሰው አይደለችም። «ታዲያ ይኼኛው ምን ሠራላችሁ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

በዚያን ጊዜ ሜሪላንድ ከገባሁ 16 ዓመት ሆኖኝ ነበር። እንደ አብዛኛው የአገሬ ልጅ ሴናተር ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ዋሽንግተን ላይ የሚቀመጠው ብቻ ነው። ቡና ላይ ስንሰበሰብ የአሜሪካ ሴኔት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ምን እንዳለ፣ አጎዋ እንደተነሣ ወይም እንደተመለሰ ዕውቀታችን እንደ ዲፕሎማት ነው። የቤት ኪራይ ውላችንን፣ የመንጃ ፈቃዳችንን፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት በጀት የሚወስነው ሰው ግን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ከመካከላችን አንድ ቢገኝ ነው። በሜሪላንድ ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ የፈቀደው ሕግ በ2013 የወጣው የግዛቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ላይ ነው እንጂ ዋሽንግተን ካፒቶል ላይ አይደለም። ሬስቶራንት የከፈተ ሐበሻ ቢራና ወይን ለመሸጥ የሚያወጣው ፈቃድ የሚገዛበት ደንብም በግዛቱ ሕግ ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ፣ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ብቻ የሚያገለግል ትንሽ ማሻሻያ እንኳ በአናፖሊስ በኩል ያልፋል።

እኔ ራሴ ምርጫን የተማርኩት በተገላቢጦሽ ነው። ዲቪ ደርሶኝ በ2006 ስመጣ መጀመሪያ የተከራየሁት ታኮማ ፓርክ ውስጥ ነበር። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜግነት የሌለው ነዋሪ ለከተማው ምክር ቤትና ለከንቲባው ድምፅ እንዲሰጥ የፈቀደች ትንሽ ከተማ ናት፤ በኋላ በ2013 ለ16 ዓመት ልጆችም ፈቅዳለች። ስለዚህ ግሪን ካርዴ ገና ሳይደበዝዝ በ2007 ኅዳር ላይ ድምፅ ሰጠሁ። በሕይወቴ ተሰልፌ፣ ስሜ መዝገብ ላይ ተገኝቶ፣ ከጎኔ ማንም ቆሞ ሳያየኝ የመረጥኩት ያን ቀን ነው። ይህን መብት ለማስገኘት ከቀሰቀሱት መካከል ያኔ የሕግ መምህር የነበሩት ጄሚ ራስኪን ይገኙበታል፤ እሳቸው ከ2007 እስከ 2016 የዚሁ ወረዳ የግዛት ሴናተር ሆነው አገልግለዋል።

ከዚያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተዛወርኩ። ከበራችን ፊት ለፊት ያለው የመንገድ መብራት ጠፍቶ ለሳምንታት ሲቆይ አቤቱታ ልጽፍ ከንቲባው ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ከንቲባ የለም አሉኝ። ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ ያለባት፣ የምድር ባቡርና ሰማይ የነካ ሕንፃ ያላት ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ፊት ከተማ አይደለችም፤ ማዘጋጃ ቤትም ከንቲባም ኖሯት አያውቅም። ጉዳይዋን የሚያየው ካውንቲው ነው፤ ከካውንቲው በላይ ያለው ደግሞ ግዛቱ ነው። ይህን ሳውቅ የአክስቴ ጥያቄ የበለጠ ከበደኝ። ከንቲባ በሌለበት ቦታ ሴናተሩና ሦስቱ የምክር ቤት አባላት ከሌላው ሰፈር ይልቅ ለእኛ ቅርብ ሹሞች ናቸው ማለት ነው።

ሜሪላንድ በ47 የምርጫ ወረዳዎች ተከፍላለች። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሦስት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ይልካል፤ በ2020 ቆጠራ መሠረት አንድ ሴናተር የሚወክለው 131 ሺህ ያህል ሰው ነው። ወረዳ የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ማኅተምም፣ ሊቀ መንበርም፣ ደጅ የሚጠናበት ጽሕፈት ቤትም የለውም፤ ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ነው። የእኛው 20ኛው ነው። የሲልቨር ስፕሪንግን አንድ ክፍል፣ ታኮማ ፓርክን፣ ሎንግ ብራንችን፣ ፎር ኮርነርስንና ኋይት ኦክን ይይዛል። ታኮማ ፓርክ ውስጥ በረንዳቸው የሰፋ፣ የዛፍ ጥላ ያጠላባቸው የድሮ የእንጨት ቤቶች አሉ። ጥቂት ደቂቃ በመኪና ወጣ ሲሉ በኒው ሃምፕሻየር ጎዳና ግራና ቀኝ ከቀይ ጡብ የተሠሩ ባለ ሦስት ፎቅ የኪራይ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ከሳልቫዶር፣ ከካሜሩን፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ ይወጡባቸዋል። ቅዳሜ ማለዳ በዚያ ደረጃ ላይ የቡና ጭስና የቶርቲያ ሽታ ይገናኛሉ።

መሀል ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ለእኛ ሌላ ነው። ጆርጂያ አቬኑና ፌንተን ጎዳና ላይ እንጀራ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ገንዘብ የሚላክባቸው መስኮቶች፣ ሽሮ የሚፋጅባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ካውንቲው ከጎንደር ጋር በ2012 የእኅትማማች ከተማነት ስምምነት መፈራረሙ ያለ ነገር አይደለም። ቦኒፋንት የምትባለውን ጠባብ ጎዳና ግን ለዓመታት ፐርፕል ላይን የተባለው የቀላል ባቡር ግንባታ ቆፍሯታል። 26 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መሥመር በ2017 ተጀምሮ በ2022 ይከፈታል ተብሎ ነበር፤ ሥራ ተቋራጩ በ2020 ጥሎ ወጣ፣ ሥራው ቆመ፣ እንደገና ተጀመረ፣ ወጪው በቢሊዮኖች አሻቀበ። በአጥር ተከልሎ ደንበኛው ያለፈበት ባለ ሱቅ አቤት የሚለው ለማን ነው? ባቡሩ የግዛቱ ሥራ ነውና አሁንም መንገዱ ወደ አናፖሊስ ይወስዳል።

ዊል ስሚዝ የዚህ ሰፈር ልጅ ናቸው። በ1982 ተወልደው ያደጉት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ይህ ተራ የሕይወት ታሪክ መስመር ቢመስልም የሰፈሩን ያለፈ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ተራ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደ አዲስ የከተማ ዳርቻ መኖሪያ ስትገነባ፣ በብዙዎቹ የመሬት ውሎች ላይ ቤቱ ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። አንዳንዱ ውል አይሁዶችንም ይጨምራል፤ የቤት ሠራተኛ ሆኖ ማደር ብቻ ይፈቀዳል። የፌዴራሉ ሕግ በቤት ሽያጭና ኪራይ መድልዎ ማድረግን የከለከለው በ1968 ነው። እኔ ዛሬ የምኖርበትን ሰፈር አንድ ጥቁር አሜሪካዊ በሴናተርነት ሲወክል ስናይ፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ አንድ የሰው ዕድሜ እንኳ አይሞላም። እኛ በ1990ዎቹና ከዚያ ወዲህ መጥተን ያለ ጥያቄ የተከራየንበት በር ማን እንደከፈተው ሳንጠይቅ የገባንበት በር ነው።

የትምህርትና የሥራ ታሪካቸው አጭር አይደለም፤ እኔ ግን ቶሎ አልፈዋለሁ። በቨርጂኒያው ዊልያም ኤንድ ሜሪ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በኋላም የሕግ ትምህርታቸውን ተምረዋል። በኦባማ ዘመን በአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሠርተዋል። በ2014 ለተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ፤ ራስኪን ለአሜሪካ ኮንግረስ ሲመረጡ በ2016 መጨረሻ ቦታቸውን ተክተው ወደ ሴኔቱ ገቡ። የባሕር ኃይል ተጠባባቂ መኮንን ስለሆኑ በ2019 ጉባኤው ሳያልቅ ወደ አፍጋኒስታን ዘመቱ። ይህን ሳነብ ከሁሉ የገረመኝ ሥራው የሙሉ ጊዜ አለመሆኑ ነው። የሜሪላንድ ሕግ አውጪዎች ጉባኤ በጥር ሁለተኛ ረቡዕ ተከፍቶ ልክ በ90ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ አንዱ ወደ ጥብቅናው፣ አንዷ ወደ ማስተማሩ፣ ሌላው ወደ እርሻው ይመለሳል። ከሁለት ሺህ በላይ ረቂቅ ሕጎች በእነዚያ 90 ቀናት ውስጥ ይስተናገዳሉ፤ ጥድፊያው የዓመት በዓል ዋዜማ ገበያ ነው።

በ2020 ስሚዝ የሴኔቱን የፍርድ ሂደቶች ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት ያዙ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ኮሚቴው ስሙ የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ያስመስለዋል እንጂ ፖሊስ፣ እስር ቤት፣ የጦር መሣሪያ፣ ፍቺ፣ የአከራይና የተከራይ ክርክር ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ከጆርጅ ፍሎይድ ሞት በኋላ በ2021 ሜሪላንድ ከ1974 ጀምሮ በሥራ ላይ የነበረውን፣ ፖሊሶች በዲሲፕሊን ክስ ጊዜ የተለየ ከለላ የሚያገኙበትን ሕግ ሻረች፤ እንዲህ ያለ ሕግ በመሻር ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። አገረ ገዢው ላሪ ሆገን ሚያዝያ 9 ቀን ዋና ዋናዎቹን የማሻሻያ ሕጎች ውድቅ አደረጉ፤ ምክር ቤቶቹ በማግስቱ ከሦስት አምስተኛ በላይ በሆነ ድምፅ መልሰው አጸደቋቸው። ረቂቆቹ በሴኔቱ በኩል ያለፉት በስሚዝ ኮሚቴ ነበር።

በ2023 ደግሞ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች የቱንም ያህል ዓመት ቢያልፍ በፍትሐ ብሔር እንዲከሱ የሚፈቅደውን ሕግ በሴኔቱ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2025 የካቲት አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ ሕጉን አጸናው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ለቅስቀሳ ካርድ የሚመች ታሪክ ይሆን ነበር፤ አላበቃም። ከተጠቂዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩት የግዛቱን የራሱን የወጣት ማቆያ ቤቶች ከሰሱ፤ ካዝናው ሰጋ። ያው ምክር ቤት በ2025 ጸደይ መንግሥታዊ ተቋማት ላይ የሚጣለውን የካሣ ጣሪያ ከ890 ሺህ ወደ 400 ሺህ ዶላር ዝቅ አደረገው። በ2023 በሩን በርግደው የከፈቱት ሰዎች በ2025 ገርበብ አደረጉት። ይህን ስል ልከሳቸው አይደለም፤ በጀቱን ሚዛን ላይ ማዋልም የእነሱው ግዴታ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ብቻ ያነበበ ሰው ግን ይህን አያገኘውም።

አንድ ጊዜ እኔም ልመሰክር አናፖሊስ ሄጃለሁ። በ2024 የካቲት፣ ካውንቲዎች ከፈለጉ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት የተከራይን ውል አላድስም እንዳይል የሚከለክል ደንብ እንዲያወጡ የሚፈቅድ ረቂቅ ቀርቦ ነበር። በተወካዮች ምክር ቤት በኩል ለዓመታት ይዘውት የቆዩት የእኛው ወረዳ ተወካይ ጄኔል ዊልኪንስ ናቸው። እኔን የገፋፋኝ የጎረቤቴ ነገር ነው። 11 ዓመት በአንድ ቤት ኖረው፣ ኪራይ አንድ ቀን ሳያሳልፉ፣ ውልዎ አይታደስም የሚል አንድ ገጽ ወረቀት በራቸው ሥር ገብቶ ያገኙት እናት ናቸው። ምክንያት አልተጻፈበትም፤ እንዲጻፍበትም ሕግ አያስገድድም ነበር።

በ50 ቁጥር አውራ ጎዳና ስንሄድ ወይዘሮዋ ከጎኔ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ቆሎ በላስቲክ ይዘዋል። የአናፖሊስ ምክር ቤት በ1772 መገንባት የተጀመረ፣ ጉልላቱ ከእንጨት የሆነ ቤት ነው፤ ጆርጅ ዋሽንግተን የነፃነቱ ጦርነት ሲያበቃ የጦር አዛዥነታቸውን የመለሱት እዚያ ነው። እኛ የገባነው ግን ከአጠገቡ ሚለር ወደሚባለው የሴኔት ሕንፃ ነበር። ምስክር አስቀድሞ በኢንተርኔት ይመዘገባል፤ ከዚያ ተራው እስኪደርስ ይቀመጣል። አምስት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ወይዘሮዋ ቆሏቸውን በግራም በቀኝም አዞሩት። በቀኛችን የተቀመጡት ነጭ ሴት እፍኝ ወስደው እያኘኩ ለምን እንደመጡ ሲነግሩን፣ ረቂቁን ለመቃወም የመጡ አከራይ ሆነው ተገኙ። ያላቸው ከእናታቸው የወረሱት አንድ ቤት ነው። ጎረቤት የሚያስቸግር ተከራይ ቢገጥመኝ፣ ለፍርድ ቤት የሚመሰክርልኝ ሰው ከፈራ እንዴት አስወጣዋለሁ ብለው ጠየቁኝ። መልስ ነበረኝ፤ ግን ከጠበቅሁት በላይ ሚዛን የሚደፋ ጥያቄ ነበር።

ስማችን ሲጠራ ሁለት ደቂቃ ተሰጠኝ። ቤት ውስጥ በስልኬ እየለካሁ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ያደረስኩት ንግግር እዚያ ሲደርስ እጥፍ ሆነ፤ የወይዘሮዋን ቃል እያስተረጎምኩ ግማሹ ላይ ጊዜው አለቀ። ሴናተሮቹ ላፕቶፓቸውን ይነካካሉ፤ አንዱ ይወጣል፣ ሌላዋ ትገባለች። እንዲህ ሲሆን አዲስ መጤ እንደተናቀ ይሰማዋል፤ ልክ አይደለም፣ ጠበቆቹም ከንቲባዎቹም በዚያው ሁለት ደቂቃ ነው የሚለኩት። አንዲት ሴናተር ግን «11 ዓመት ነው ያሉት?» ብላ ደግማ ጠየቀች፤ ወይዘሮዋ ያለ አስተርጓሚ «ኢለቨን» ብለው ጣታቸውን አወጡ።

ረቂቁ በዚያ ዓመት በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፤ ሴኔት ውስጥ ቀረ። የሊቀ መንበር ኃይል የት እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው። በሜሪላንድ አንድ ረቂቅ መድረኩን አግኝቶ ምስክር ቢሰማበትም፣ ኮሚቴው ድምፅ ካልሰጠበት ሚያዝያ ላይ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ያበቃለታል። ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚል መዝገብ አይኖርም። ለድምፅ የሚቀርበውንና የማይቀርበውን በመወሰን ሊቀ መንበሩ ከማንም የበለጠ እጅ አላቸው። እኔ ለስሚዝ ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ ያንን ረቂቅ በተመለከተ ግን ቅር ብሎኛል፤ በድምፅ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ቅሬታዬ ያንስ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ልጨምር። በ2020 አከራይ የተከራይን ገንዘብ ምንጭ አይቶ፣ ለምሳሌ በመንግሥት የኪራይ ድጎማ የሚከፍል ነው ብሎ፣ አላከራይም እንዳይል የሚከለክለው ሕግ በመላው ሜሪላንድ ሥራ ላይ ውሏል፤ የሴኔቱ ረቂቅ አቅራቢ ስሚዝ ነበሩ። በሞንትጎመሪ ይህ ክልከላ ቀድሞም ስለነበረ እኛ ለውጡ አልታወቀንም፤ ክልከላው ቀድሞ ባልነበረበት ካውንቲ ለሚኖር ዘመድ ግን የአክስቴ ጥያቄ መልስ ነው። በዚያው የእኛ ረቂቅ በቀረበት በ2024 ጉባኤ ደግሞ የአገረ ገዢ ዌስ ሞር የተከራዮች ሕግ አልፏል። ከሌሎች ነገሮች መካከል፣ አከራይ በመያዣነት የሚቀበለውን ገንዘብ ከሁለት ወር ኪራይ ወደ አንድ ወር ዝቅ ያደረገ ሲሆን፣ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይሠራል።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ ኋይት ኦክ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራየ። እኔ በ2006 ስመጣ የመጀመሪያውን ወርና የሁለት ወር መያዣ አንድ ላይ ለመክፈል ከሦስት ሰው ተበድሬ ነበር፤ ስለዚህ ስንት ጎደለህ ብዬ ደወልኩለት። ምንም አልጎደለኝም አለኝ። የአንድ ወር መያዣ ብቻ ነው የጠየቁት፤ ደግ አከራይ አጋጠመኝ አለ።

ሕግ ነው አልኩት። አላመነኝም። ማታ የሕጉን ገጽ ላክሁለት፤ ከደቂቃዎች በኋላ የመለሰልኝ፣ አክስቴ ለጥየቃ በመጣች ጊዜ የጠየቀችኝን ጥያቄ የሚመስል ነበር፤ «ይኼን ማነው ያወጣው?» ይላል። መጻፍ ጀምሬ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ እሑድ ለምሳ ና አልኩት።